«ፈርቻለሁ» የሚለው ጋሽ ማቴዎስ

የጋሽ ማቴዎስን ማረፍ የነገረችኝ ልጁ ሩት ናት። መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። «አባዬ ወደ ጌታ ሄደ» አለችኝ፤ ድምጿ የተረጋጋ ነበር። ታሞ ስለከረመ ያልተጠበቀ ነገር አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ሰልፉ ወደፊት ሲሄድ እኔ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት «እህቴ፣ አትሳፈሪም እንዴ?» ስትለኝ ተራዬን ለቀቅኩላትና በእግሬ ሄድኩ።

በቀብሩ ላይ የአጥቢያቸው ሽማግሌ ስለ እሱ ሲናገሩ ታማኝ፣ ጸሎተኛና ለሰው አሳቢ ነበር አሉ። ሁሉም እውነት ነው። ለዓመታት አጠገቡ ተቀምጬ የሠራሁ እንደመሆኔ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሳይነሳ መቅረቱን አወቅሁ። ጋሽ ማቴዎስ ፈሪ ነበር። በዕድሜዬ እንደሱ የሚፈራ ሰው አላጋጠመኝም። ይህን የምለው በሞተ ሰው ላይ ነውር ለመፈለግ አይደለም፤ እሱ ራሱ ደብቆት አያውቅም። እዚያ ቆሜ ብናገረውና ቢሰማኝ ኖሮ ራሱን ነቅንቆ «ልክ ናት» የሚል ይመስለኛል።

የምንሠራው ጎፋ ውስጥ፣ የአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ነበር። ሥራችን ከፊልም ሠሪዎችና ከሲኒማ ቤቶች ጋር ነው። ዛሬ ሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም እንደ ድሮው በጥቅል አይመጣም፤ በሃርድ ዲስክ ነው የሚመጣው። ዲስኩ በጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን፣ በስፖንጅ መሃል ተኝቶ ይመጣል። የሲኒማ ቤቱ ማሽን በሚያነበው መንገድ የተዘጋጀ ስለሆነ እንደ ዘፈን በፍላሽ ተገልብጦ የሚኬድበት ነገር አይደለም። የፊልም ፌስቲቫል ሲደርስ አንዱ ፊልም በተለያዩ አዳራሾች ስለሚታይ ያን አንድ ዲስክ ማባዛት ያስፈልጋል። ማባዛቱ ሰዓታት ይወስዳል። ካለቀ በኋላ ደግሞ ማሽኑ ኮፒውን ከዋናው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል፤ እሱም ሌላ ሰዓታት ነው። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ዲስክ አደርሳለሁ። ጋሽ ማቴዎስ ያባዛል።

ግዙፍ ሰው ነበር። በራችንን ሲያልፍ ጎንበስ ይላል። ከወላይታ በወጣትነቱ መጥቶ ብዙ ዓመት የቪዲዮ ካሴት ሲያባዛ ኖሮ፣ ካሴት ሲቀር ወደ ዲስክ የተሻገረ ሰው ነው። ሥራ የጀመርኩ ቀን «እርስዎ» ስለው «ተይ ልጄ፣ አንቱታ ሲበዛብኝ የሚመጣብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ «ጋሽ ማቴዎስ፣ አንተ» እያልኩት ኖርን።

መብረቅ ይፈራል። ውሻ ይፈራል። ሊፍት አይገባም። ሥራ ላይ ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። ማባዛት ከጀመረ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ፈጠን ብሎ መራመድ ክልክል ነው። መብራት እንዳይሄድ ይፈራል፤ ባትሪ አለን ስለው ባትሪው እንዳይከዳን ይፈራል። መዳፉን ማሽኑ ላይ አድርጎ፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ አባት፣ ትኩሳቱን ይለካል። ዋናውን ዲስክ «እናቲቱ» ይላታል፣ ኮፒዎቹን «ልጆቹ»። ከሁሉ የሚያስቀን የመጀመሪያው ኮፒ ተመሳክሮ ባለቀ ቁጥር ይዞት ወደ ታች መውረዱ ነው። «እሳት ቢነሳ ሁለቱም አንድ ላይ እንዳይነዱ» ይላል።

የሚያስቀምጠው የሕንፃው ጥበቃ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ነው። ኦቦ ቶሎሳ በዚያ አካባቢ ከድሮ ጀምሮ ሲያርሱ ከኖሩ ቤተሰቦች ነው፤ ሕንፃው የቆመበት መሬት የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። አሁንም ከሕንፃው ጀርባ ላሞች ያረባል፤ ጠዋት ጠዋት ለፎቁ ነዋሪ ወተት ይሸጣል። «ማቴዎስ፣ ፊልምህ ዛሬም እኔ ጋ ሊያድር ነው?» ይለዋል እየሳቀ። ዲስኩን ተቀብሎ በጋቢው ጠቅልሎ አልጋው ላይ ያኖረዋል።

ጋሽ ማቴዎስን የማስታውስበት ነገር ሁሉ «ፈርቻለሁ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ቀን ከሀና ማርያም አብረን በሚኒባስ እየመጣን ሾፌሩ እንደ እብድ ይነዳ ጀመር። ከመኪና መኪና እየተሽሎከለከ፣ ስልክ እያወራ። ሁላችንም ዝም ብለን ወንበር ጨብጠናል። ጋሽ ማቴዎስ ከኋላ ወንበር ጮክ ብሎ፣ ግን ያለ ቁጣ፣ «ልጄ፣ እኔ ፈርቻለሁ። ቀስ በልልኝ» አለ።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ዞር ብሎ «ፋዘር፣ ይሄን ሁሉ ሰውነት ይዘህ?» አለው።

«ሰውነቱም ነው የፈራው» አለ ጋሽ ማቴዎስ።

ሾፌሩም ሳቀ፣ ስልኩን ዘጋ፣ ቀስ አለ። ቁጣ ቢሆን ይጣላ ነበር፣ ተግሣጽ ቢሆን ይብስበት ነበር። ሌሎቻችንም ፈርተን እንደነበር የገባኝ መኪናው ሲቀዘቅዝ ሁሉም ሰው ሲተነፍስ ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ሊያ የምትባል ወጣት ፊልም ሠሪ ዘጋቢ ፊልም ይዛ መጣችልን። ፊልሙ ከባሎቻቸው ሸሽተው በአንድ የልብስ ስፌት ቤት አብረው ስለሚሠሩ ሴቶች ነው። ዲስኩ የተዘጋጀው ውጭ አገር ሆኖ በመንገደኛ ሻንጣ የገባ ነበር፤ ፌስቲቫሉ ደግሞ ደርሷል። ከሴቶቹ መሃል ፊቷን ሳትሸፍን የምትናገረው ወይንሸት ናት። ጸጥ ያለች፣ ቃል የምትመርጥ ሴት ናት። እኔና ጋሽ ማቴዎስ ፊልሙ ጤነኛ መሆኑን ለማየት ውስጠኛው ክፍል ውስጥ፣ ግድግዳውን በሞላው መጋረጃ ላይ አየነው። ወይንሸት ስለ ባሏ ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም። «ሲቆጣ አይጮህም» ትላለች። «መጀመሪያ ሰዓቱን ያወልቃል። ጠረጴዛ ላይ በቀስታ ያስቀምጠዋል። ሰዓቱን ሲያወልቅ ካየሁ ልጮህም አልችልም ነበር፤ ሰውነቴ ቀድሞ ያውቃል።»

ጋሽ ማቴዎስ ከወንበሩ ተነስቶ መብራት አበራ። ከዚያ ሊያን ጠርቶ ጠየቃት።

«ይቺ ልጅ ራሷን አይታዋለች?»

«አዎ ጋሼ፣ በላፕቶፕ አሳይቻታለሁ። ፈቅዳለች።»

«በላፕቶፕ ላይ ፊቷ መዳፍ ያክላል። አዳራሽ ውስጥ ግን የቤት ያህል ነው የሚሆነው። ትምጣና እዚህ ትየው። እኔ ብሆን እፈራ ነበር።»

ሊያ ጊዜ የለም ብላ ትንሽ አንገራገረች፤ በመጨረሻ ወይንሸት ከምሳ በኋላ እንድትመጣ ተቀጠረ። በቀጠሮው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ኮፒ ተመሳክሮ አልቆ፣ እንደ ልማዱ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ ወርዷል። ሁለተኛው ኮፒ እየተባዛ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ በመስኮቱ በኩል ካለው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ መዝሙር እያንጎራጎረ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ።

በሩ ተንኳኳና አንድ ሰው ገባ። ሱፍ የለበሰ፣ ጺሙን የተላጨ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ በትህትና ጎንበስ አለ።

«የሊያ ፊልም የሚባዛው እዚህ ነው?»

«አዎ» አልኩት። «ከፌስቲቫሉ ነዎት?»

«ከቤተሰብ ነኝ። የወይንሸት ባለቤት ነኝ።»

የማንጎራጎሩ ድምፅ ቆመ። በኋላ እንደሰማነው የፊልሙን ማስታወቂያ ስልኩ ላይ አይቶ፣ ፌስቲቫሉ ቢሮ ሄዶ ዘመድ ነኝ ሲል አንዱ በቅንነት አድራሻችንን ነግሮታል። ያኔ ግን ይህን አላወቅንም። እኔ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወይንሸት ወደዚህ እየመጣች ነው።

ሰውየው ወንበር ስቦ በበሩና በእኔ መሃል ተቀመጠ። «ስልኮቻችሁን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብታደርጉልኝ። ሰው ሲያወራ ስልክ ሲጠራ ደስ አይለኝም» አለ። በጣም በጨዋ አነጋገር ነው ያለው። ለምን እንደሰጠሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እጄ ከእኔ ቀድሞ አደረገው። የጋሽ ማቴዎስ ስልክ ቀድሞውንም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቱንም ወደ ራሱ ሳባቸው።

«ሚስቴ ጤነኛ አይደለችም» አለ። «ሰዎች አጫወቷት፣ እሷም አወራች። እናንተ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ሠራተኞች ናችሁ። ፊልሙን ስጡኝ፣ ያለችበትን ንገሩኝ፣ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ማቴዎስ ከወንበሩ ተነሳ። ሲቆም ከሰውየው በሁሉም ነገር ይበልጣል። ሰውየውም ቀና ብሎ አየውና ትንሽ ወደኋላ አለ። ጋሽ ማቴዎስ ግን እጁን ወደፊት ዘረጋ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«ወንድሜ፣ ፈርቼሃለሁ» አለው። «ይኸው እጄን እየው። ያለችበትን አልነግርህም፤ ግን ፈርቼሃለሁ።»

ሰውየው ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ የተዝናና። ግዙፉ ሰው ፈሪ መሆኑን ሲያውቅ ትከሻው ዘና አለ። ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ የሰዓቱን ማሰሪያ ፈታ። አውልቆ ከስልኮቹ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው።

የዚያን ጊዜ የሆንኩትን በምን ቃል እንደምናገረው አላውቅም። የወይንሸት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። መጮህ ፈለግሁ፤ እንደ እሷ አልቻልኩም። በሩ በቅርብ ርቀት ላይ ነው፤ በመሃሉ ግን እሱ ተቀምጧል።

ተነስቶ ወደ ማሽኑ ሄደ። ጋሽ ማቴዎስ ከመንገዱ ዘወር አለና ጀርባውን መስኮቱ ላይ ለጠፈ። ሰውየው መብራት የሚያበራውን ዲስክ፣ እናቲቱን፣ አይቶ ከነገመዱ ነቀለው። ማሽኑ ጮኸ። ዲስኩን ከብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጋጨው፣ ደገመው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ጥሎ በተረከዙ ቆመበት። ስብርባሪው እስከ እግሬ ድረስ መጣ። ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው እጁን አራግፎ ወደ ጋሽ ማቴዎስ ዞረ። አሁን የሚሄድ መሰለኝ።

«ሌላ ኮፒ አለ?»

የለም በለው፣ አልኩ በልቤ። ጌታ ሆይ፣ የለም ይበለው። ጋሽ ማቴዎስ ላቡ በፊቱ ይወርዳል። ዓይኑን ከሰውየው ላይ አንሥቶ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ መሸሻ እንደሚፈልግ ሰው።

«አለ» አለ።

በሕይወቴ ሰው ላይ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

«የት?»

«እሱን አልነግርህም። ከፈለግህ ፈልገው።»

ሰውየው መሳቢያ መክፈት ጀመረ። አይጣደፍም። አንዱን ስቦ ያወጣል፣ ወለሉ ላይ ይገለብጠዋል፣ በእግሩ ይበትነዋል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሌሎች ሰዎች ፊልሞች፣ ገመዶች፣ የጋሽ ማቴዎስ የምሳ ዕቃ፣ ሁሉም መሬት ላይ ነው። ወደ እኔ ጠረጴዛ ከመድረሱ በፊት ትልቁ ቁም ሣጥን ነበር። እሱን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ጋሽ ማቴዎስ ከመስኮቱ ተላቀቀ፤ በዚያ ሁሉ ግዝፈቱ ድምፅ ሳያሰማ በአጠገቤ አለፈ፣ በሩን ከፈተ፣ ወጣ።

ጥሎኝ ሄደ፣ አልኩ። ብቻዬን ቀረሁ። ሰውየውም በሩ ሲከፈት ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ያን ጊዜ ነው ጩኸቱን የሰማነው። ጋሽ ማቴዎስ የደረጃውን ብረት ይዞ ወደ ታች እየጮኸ ነበር።

«ሰዎች! ፈርቻለሁ! ኑልኝ! ወደዚህ የገባ ሰው አለ፣ ልጅቷ ከሱ ጋር ናት፣ እኔ ፈርቻለሁ፣ ኑ!»

እንዲህ ያለ ጩኸት ከወንድ ልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ሌባ» አይደለም፣ «ያዙት» አይደለም። እንደ ሕፃን ነው የጮኸው። ደረጃው እንደ ጉድጓድ ስለሆነ ድምፁ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ተመልሶ ይመጣል። ከላይም ከታችም በሮች ተከፈቱ። ከመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ተማሪዎች ወጡ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ መጣ። ኦቦ ቶሎሳ ዱላውን ይዞ ሲወጣ የጫማውን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት።

ሰውየው ቁም ሣጥኑን ተወው። ሰዓቱን አሰረ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው «ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ» እያለ በመሃላቸው ወረደ። ሁሉም አሳለፉት። ደህና የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ እየተንቀጠቀጠ የሚጮኸው ደግሞ ጋሽ ማቴዎስ ነው። ማን ማንን እንደፈራ የሚነግራቸው ሰው ሳይኖር እንዴት ይወቁ። እኔ አፌን ስከፍት እሱ ወርዷል።

ከተሰበሰበው ሰው መሃል ወይንሸት አልነበረችም። ስልኬን አንሥቼ ደጋግሜ ደወልኩላት። መጨረሻ ላይ ያነሳችው ከኦቦ ቶሎሳ ክፍል ነው። አንደኛ ፎቅ ስትደርስ ጩኸቱን ሰምታ ቆማ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ እየሮጠ ሲወጣ አይቷት «ልጄ፣ ተመለሽ፣ እኔ ክፍል ግቢና ዝጊ» ብሏት ገባች። በመስኮቱ ስንጥቅ ባሏ ከሕንፃው ሲወጣ፣ ግራ ቀኝ አይቶ መንገዱን ሲሻገር አይታዋለች። የተቀመጠችው የኦቦ ቶሎሳ አልጋ ላይ ነው። አጠገቧ በጋቢ የተጠቀለለው ነገር የራሷ ፊልም መሆኑን አላወቀችም።

ወደ እኛ ስትወጣ ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል። ጋሽ ማቴዎስን አየችው። «የጮኸው አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ወንድ ልጅ ፈርቻለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጩኸትህ እግሬን ያዘኝ።»

ለፖሊስ አመለከትን፤ ቃላችንን ሰጠን፤ ወይንሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ ማደሪያዋን ቀየረች። ሊያ የመጣችው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ወለሉ ላይ የተሰባበረውን ዲስክ አይታ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሽ ማቴዎስ የመጀመሪያው ኮፒ ኦቦ ቶሎሳ ዘንድ መኖሩን ነገራት። ዘላ አቀፈችው።

«በቃ ከሱ አባዛልኝ። ለፌስቲቫሉ እንደርሳለን።»

«መጀመሪያ እሷ ትየው» አለ ጋሽ ማቴዎስ።

ኮፒውን ከታች አምጥተን ወይንሸትን ውስጠኛው ክፍል አስገባናት። ኦቦ ቶሎሳ ሳይጠሩት ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ፊልሙን ከእሷ ጋር አየነው። የእሷ ፊት መጋረጃውን ሲሞላው ትንፋሿ ሲቋረጥ ሰማሁ። ራሷን ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ዓይኗን፣ ግንባሯ ላይ ያለችውን ጠባሳ። «ትልቅ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። እስከ መጨረሻው አየችው። መብራት ሲበራ ለሊያ «አሁን አይሁን» አለቻት። «ያልኩትን አልክድም። ግን አሁን አይሁን። መንገድ ላይ መሄድ አልችልም።»

ሊያ ከዓመታት ሥራዋ ጋር እዚያ ቆመች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ግን አዘነች፣ ተቆጣችም። «ፊልሙ የኔ ነው ጋሽ ማቴዎስ። ፈቅዳልኝ ነው የሠራሁት» አለች።

«ፊልሙ ያንቺ ነው» አላት። ዲስኩን ከሣጥኑ ጋር አንሥቶ እጇ ላይ አኖረላት። «ውሰጂው፣ አልከለክልሽም። እኔ ግን አላባዛውም። ፈርቻለሁ፤ ለሷ ነው የፈራሁት።»

ሊያ እዚያው ቆማ ደወለችላቸው፤ አለቃችን ስልክ ላይ ጮኸበት፣ ፌስቲቫሉም ደጋግሞ ደወለ። ለሁሉም ያንኑ መለሰ። ሊያ ዲስኩን ይዛ ትንሽ ቆማ ወይንሸትን አየቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችውና ሳትሰናበት ወጣች። በዚያ ፌስቲቫል ፊልሙ አልታየም፤ በቦታው ሌላ ታየ። እኛም ለሳምንታት በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥን ሠራን። ጋሽ ማቴዎስ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ አይከፍትም፤ እኔ ደግሞ እስከ ታክሲ ካላደረሰኝ አልሄድም። ማን ማንን እንደሚያደርስ አይታወቅም፤ ሁለታችንም እየተገላመጥን ነው የምንሄደው።

ሰውየው በኋላ ተይዞ ተከሰሰ፤ ወይንሸት ፍርድ ቤት ቆማ ፊልሙ ላይ ያለችውን ሁሉ ደገመችው። ተፈረደበት። ሌላ የፌስቲቫል ወቅት ሲደርስ በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ማቴዎስ «ማነው?» ሲል «ወይንሸት ነኝ» አለች። ሊያም አብራት ነበረች። «አሁን አባዛልን» አለችው ወይንሸት። ጋሽ ማቴዎስም አባዛው። ፊልሙ የታየ ዕለት ወይንሸት አዳራሹ መሃል ተቀመጠች። ጋሽ ማቴዎስ ዳር ላይ፣ በሩን እያየ ተቀምጦ፣ ከፊልሙ ምንም አላየም።

በእኔ በኩል ግን አንድ ነገር አልወጣልኝም ነበር። «አለ» ያለውን ነው። ለምን አለው? ሰውየው የፈለገውን ሰብሮ ሊሄድልን ነበር። ጋሽ ማቴዎስ ጸሎተኛ ሰው ነው፤ ሐሰት አልናገርም ብሎ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእሱ ሕሊና ሲባል እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ከዚያ ሰው ጋር መቅረቴ ያናድደኝ ነበር። ሥራ ቀይሬ ከሄድኩ በኋላ እንኳ ሳስበው ደሜ ይፈላል። አልጠየቅሁትም፤ እንዳላስቀይመው እየፈራሁ ዓመታት አለፉ።

ታሞ ተኝቶ ሳለ ሀና ማርያም ያለው ቤቱ ሄድኩ። ያ ሁሉ ግዝፈት ሄዶ አጥንቱ ቀርቷል። ሩት ወጥ ቤት ነበረች። ስለዚያ ቀን ስናወራ ጠየቅሁት።

«ሌላ አለ ወይ ሲልህ ለምን አለ አልከው? መዋሸት ስለማትወድ ነው?»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ አጠጣሁት።

«እኔ? ፈርቼ ስንቴ ዋሽቻለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

«ታዲያ?»

«በመስኮቱ አየኋት። ከታክሲ ወርዳ መንገዱን ልትሻገር ቆማ ነበር። የለም ብለው ኖሮ ጉዳዩ አለቀ፤ ይወርዳል። ደረጃው ደግሞ አንድ ነው።»

ያ ሁሉ ዓመት መሸሻ ሲፈልግ ነው ወደ ውጭ ያየው ብዬ ነበር። «አለ» ያለው ትንሽ ይፈልግ፣ ይቆይ ብሎ እንደሆነ፣ እሷ ወደ ሕንፃው ስትገባ ደግሞ እንድትሰማው ብሎ ወጥቶ እንደጮኸ እየተቆራረጠ ነገረኝ። ከዚያ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ እጄን ያዘ።

«አንቺን እዚያ ማስቀረቴ እስካሁን ያመኛል» አለ። «ግን አንቺ የምትጸልዪው እንዲሄድልን ነበር። እኔ የፈራሁት እንዳይሄድ ነው።»

ሩት ሾርባ ይዛ ገባች። ቀና አድርገን አስቀመጥነውና በማንኪያ ሰጠነው።